የአሮጌ ሞተር ሆም ፖምፓ በረሃብ ሲሞት

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ካለችው ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በአይ-70 አውራ ጎዳና ስትወጡ፣ አይዘንሃወር ዋሻ እስክትደርሱ ዳገቱ አይለቃችሁም። ዋሻው 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ይበልጣል። የእኛ ሞተር ሆም ገና በመጀመሪያው የበጋ ጉዞው እዚያ ዳገት ላይ ትንፋሽ አጠረው።

ሜዳው ላይ ምንም አልነበረም። ዳገቱ ሲጀምር ፍጥነቱ ከ60 ማይል ወደ 45፣ ከዚያ ወደ 25 ወረደ። ነዳጁን እስከ ወለል ረግጫለሁ፣ ሞተሩ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ባለቤቴ ከኋላችን የተሰለፈውን መኪና እያየች "ኧረ ዳር ያዝ!" ትለኛለች። ጭስ የለም። እንግዳ ድምፅ የለም። የሙቀት መለኪያው ደህና ነው። ዳር ይዤ ትንሽ ሳሳርፈው ተሻለው፤ ሁለት ማይል ሄዶ እንደገና ደከመ።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ጋራዥ ኮምፒውተር ሰክቶ "ዋናው የናፍጣ ፖምፓ ሄዷል" አለኝ። አመንኩ። አዲስ ተገዛ፣ ተገጠመ፣ ገንዘቡም ሄደ። 14 ወር ሳይሞላ አዲሱም ፖምፓ ሞተ። ያኔ ነው ቁጭ ብዬ መማር የጀመርኩት። ፖምፓውን የሚገድለው ነገር ሌላ ቦታ ነበር። እሱ ደግሞ በጣም ርካሽ ነገር ነበር።

ለማያውቀው፣ ሞተር ሆም ማለት አልጋ፣ ኩሽናና ሽንት ቤት ያለው አውቶቡስ በሉት። ትልልቆቹ የናፍጣ ሞተር ከኋላ ነው ያላቸው፣ ከመኝታ ክፍሉ ሥር። ሞተሩን ከላይ ለማየት ፍራሹን ታነሳላችሁ። የነዳጅ ሰልባትዮው (ታንኩ) ግን ብዙ ጊዜ ከፊት ነው። በመካከላቸው አሥር ሜትር ገደማ ቱቦ አለ። ይህችን ርቀት ያዙልኝ፤ የዛሬው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከእሷ ነው።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። አየሩን ከ16 እጥፍ በላይ ያምቀዋል፣ አየሩ ይግላል፣ በዚያ ግለት ላይ ናፍጣ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ናፍጣው በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው መጠን፣ በኃይል መረጨት አለበት። ይህን የሚሠራው ዋናው ፖምፓ ነው። ዋናውን ፖምፓ የሚመግብ ሌላ ትንሽ ፖምፓ አለ። ትንሿ ከሰልባትዮው ትስባለች፣ በፊልትሮ አሳልፋ ለትልቁ ታቀብላለች። ሥራዋ የአስተናጋጅ ነው። አስተናጋጅ ከደከመ ወጥ ቤቱ ምን ቢችል ዋጋ የለውም።

የእኔ መኪና በፈረንጅ 2000 ሞዴል ነው። ሞተሩ ከሚንስ 5.9 ሊትር፣ 24 ቫልቭ። ይህ ሞተር ከ1998 እስከ 2002 ገደማ ቪፒ44 የሚባል የቦሽ ፖምፓ ይዞ ነበር የሚወጣው። ከእሱ በፊት የነበረው ባለ 12 ቫልቩ ሞተር ፖምፓው ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነበር፣ ብዙ በደል ይችላል። ከ2003 ወዲህ ያለው ደግሞ ኮመን ሬይል ነው (ሁሉም መርጫዎች ከአንድ የጋራ ቱቦ የሚመገቡበት)፣ ሌላ ዓለም። ስለዚህ ምንም ነገር ከማዘዛችሁ በፊት ሞተሩ ላይ ያለችውን የብረት ሰሌዳ አንብቡ። የሞተሩን ዓመት ነው የምትፈልጉት። ሞተሩ የተሠራበትና መኪናው የተሸጠበት ዓመት ሊለያይ ይችላል።

ቪፒ44 ኮምፒውተሩን ጀርባው ላይ ተሸክሞ ነው የሚሠራው። ዘይት የለውም። የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም የሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ ነው። ከሚገባው ናፍጣ አብዛኛው ሳይቃጠል ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል፣ ሙቀቱን ይዞ። እንግዲህ ትንሿ ፖምፓ ስትደክም ምን እንደሚሆን ገምቱ። ሞተሩ ይቆማል? አይቆምም! ቪፒ44 ሆዱ ውስጥ የራሱ መሳቢያ አለው፣ የቻለውን ያህል ራሱ ይስባል። መኪናው ይሄዳል፣ መብራት አይበራም፣ እናንተም እየዘፈናችሁ ትነዳላችሁ። ፖምፓው ግን በቂ ናፍጣ ሳያገኝ ይግላል፣ ይፋቃል፣ ኤሌክትሮኒክሱም አብሮ ይጠበሳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አንድ ቀን ነዳጁን ትረግጣላችሁ፣ መኪናው ለጥቂት ሰከንድ ምንም አይመልስም፣ ከዚያ ድንገት ይነሳል። ያ የቪፒ44 የኑዛዜ ሰዓት ነው። ይኸው ሞተር ያለባቸው የዶጅ ፒክአፖች ላይ ፒ0216 የሚል ኮድ ይወጣል። እዚያ ከደረሰ ፖምፓው መቀየሩ አይቀርም፤ ዋጋው ከጉልበት ሌላ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። የእኔ ጋራዥ በዚህ አልተሳሳተም። ስህተቱ "ለምን ሞተ?" ብሎ አለመጠየቁ ነው።

መሳብና መግፋት

ለስላሳ በስትሮ መጠጣት ቀላል ነው። ስትሮው አሥር ሜትር ቢሆንስ? ጉንጫችሁ ይደክማል። አሁን ደግሞ ስትሮው መሃሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው። ለስላሳው በቀዳዳው ይፈሳል? አይፈስም። እናንተ አየር ትጠጣላችሁ እንጂ።

የናፍጣ መስመርም እንዲሁ ነው። ትንሿ ፖምፓ የተገጠመችው ሞተሩ ላይ ነው፣ ከኋላ። ስለዚህ አሥሩን ሜትር በሙሉ እየሳበች ነው። በምትስብበት መስመር ላይ ፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ቢላላ ወይም ቱቦ ቢሰነጠቅ፣ መሬት ላይ ጠብታ አታዩም። ናፍጣ አይወጣም፣ አየር ነው የሚገባው። ሰው ከሥር ገብቶ ያይና "የሚያፈስ ነገር የለም" ይላል። እኔም ብዬ ነበር።

አባቴ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ በአሰብ መንገድ ያረጀ። ሞተር አልነሳ ሲለው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ የእጅ ፖምፓዋን እየመታ፣ ፊልትሮው ላይ ያለችውን ቡሎን ላላ አድርጎ የሚወጣውን ማየት። አረፋ ከወጣ "አየር ጠጥቷል" ይላል። አረፋው እስኪያልቅ ይመታል፣ ያጠብቃል፣ ይነሳል። ከዚያ አየሩ ከየት እንደገባ ፍለጋ ይጀምራል። ኮምፒውተር አልነበረውም፣ ግን የጥያቄውን ቅደም ተከተል ያውቅ ነበር።

ዳገቱ ላይ ብቻ የደከመው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፣ ሸክም ሲበዛ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ይጠይቃል። ሁለተኛው ግን እኔን አስገርሞኛል። ፖምፓ "ይስባል" እንላለን እንጂ ናፍጣውን ከሰልባትዮው የሚገፋው በላዩ ያለው አየር ነው። ፖምፓዋ ከፊቷ ባዶ ቦታ ትፈጥራለች፣ አየሩ ናፍጣውን ወደዚያ ይገፋል። 3,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ገፊው ራሱ ደክሟል ማለት ነው። ዝቅ ባለችው ፍሎሪዳ ላይ የማይታይ ችግር ኮሎራዶ ላይ ራቁቱን ይወጣል።

መጀመሪያ መለኪያ

መፍትሔ ፍለጋ ስትወጡ ዕቃ አትግዙ። መለኪያ ግዙ። ዋናው ፖምፓ መግቢያ ላይ የሚገጠም የግፊት መለኪያ ዋጋው ከፖምፓው ጋር አይወዳደርም። ለቪፒ44 በመደበኛ ጉዞ ከ10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) በላይ ማየት ጥሩ ነው። ሙሉ ሸክም ላይ ደግሞ ከ5 በታች መውረድ የለበትም። የእኔ መኪና ቆሞ ሲሠራ 9 ያሳይ ነበር። ጎረቤታችን ያለው አጭር ዳገት ላይ ስረግጠው ወደ 1 ወረደ። አንድ! ሁለት ፖምፓ የበላው ይህ ቁጥር ነው።

ግፊቱ ዝቅ ካለ ቀጣዩ ጥያቄ፦ ትንሿ ፖምፓ ደክማ ነው ወይስ የምትስበው አጥታ? እዚህ ላይ የምወደው ሙከራ አለ። ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን ያዙ፣ ሞተሩ አጠገብ አስቀምጡ፣ ከአሥሩ ሜትር ቱቦ ይልቅ በአንድ ሜትር ቱቦ ከጀሪካኑ አስጠጧት። የሚመለሰውም ናፍጣ ጀሪካኑ ውስጥ ይግባ፣ አለዚያ ቶሎ ያልቅባችኋል። ሞተሩን አስነሱና መለኪያውን እዩ። ቁጥሩ ከተስተካከለ ፖምፓዋ ንጹሕ ናት፣ ጥፋቱ ከእሷ ወደ ፊት ነው። ካልተስተካከለ ወይ ፊልትሮው ነው ወይ ራሷ ናት፤ ፊልትሮውን ቀይራችሁ ድገሙት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ግን ጥርጣሬውን ለሁለት ይሰነጥቀዋል።

እኔ ላይ ቁጥሩ ወደ 13 ዘለለ። ስለዚህ ቱቦው ላይ ወረድኩ። ከፖምፓዋ በፊት ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ስገጥም እንደ ሶዳ የሚመስል አረፋ ሲያልፍ አየሁ። አየር። ከሰልባትዮው አጠገብ ያለው ፋሼታ ዝጎ ልቅ ብሏል፣ እሱን ቀየርኩ። አረፋው ጠፋ፣ ቁጥሩ ግን ብዙም አልተነሳ። ተናደድኩና ጠቅላላ ቱቦውን አወረድኩት። ከውጭ ሲታይ ደህና ጎማ ነው። በቢላ ለሁለት ስሰነጥቀው የውስጡ ሽፋን ተላቆ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ፖምፓዋ በጠነከረች ቁጥር ምላሱ ቀና ይልና መንገዱን ይዘጋል። ስትተው ተመልሶ ይተኛል። ዳር ይዤ ሳሳርፈው የሚሻለው ለዚህ ነበር! ያችን ቁራጭ አልጣልኳትም፣ ጋራዤ መደርደሪያ ላይ አለች።

ይህ የላስቲክ ጉዳይ የእኔ ብቻ አይደለም። አሜሪካ የናፍጣውን ድኝ በ1993 ወደ 500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 500 እጅ)፣ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ወደ 15 ፒፒኤም አወረደችው። ለአየሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ድኙን የሚያወጣው ማጣሪያ አሮጌ ጎሚኒዎችን (የላስቲክ ማሸጊያዎችን) አብጠው እንዲይዙ የሚያደርጉ ነገሮችንም ይቀንሳል። ለዓመታት በድሮው ናፍጣ የኖረ ጎሚኒ ሲሸበሸብ ማፍሰስ ይጀምራል፣ ወይም አየር ያስገባል። የናፍጣው የማለስለስ አቅምም ይቀንሳል። ስለዚህ ነው ነዳጅ አምራቾች ማለስለሻ የሚጨምሩበት። ጥቂት ባዮዲዝል (ከዘይትና ከስብ የሚሠራ ናፍጣ)፣ 2 በመቶ እንኳ፣ ማለስለሻውን በደንብ ያሻሽለዋል። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ስላሉት ጠርሙሶች ሰው እንደ ሃይማኖት ይከራከራል። እኔ የማለስለሻ ጠርሙስ እጨምራለሁ፣ ግን መለኪያ የሌለው ሰው ጠርሙስ ሲገዛ ሳይ ይገርመኛል።

ሌሎች ምልክቶችን ቶሎ ቶሎ ልለፍባቸው። ጠዋት ብዙ ካስጮሃችሁት በኋላ የሚነሳና ከዚያ ደህና የሚሆን ከሆነ፣ ሌሊት ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው እየተመለሰ ነው፤ አየር የሚገባበት ቦታ አለ። ሲጎድል፣ ሩብ ሰልባትዮ ላይ ሁልጊዜ የሚጠፋ ከሆነ ሰልባትዮው ውስጥ ያለው መሳቢያ ዘንግ ተሰንጥቆ ወይም ዝጎ ተበስቶ ሊሆን ይችላል። (ጀነሬተሩ ብቻ ሩብ ላይ ቢጠፋ አትጨነቁ። እናንተን በረሃ ላይ እንዳያስቀር የእሱ ዘንግ ሆን ተብሎ አጭር ተደርጓል።) ክዳኑን ስትከፍቱ "ፊሽሽ" ብሎ አየር ካስገባ መተንፈሻው ተደፍኗል። ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ አጭር ርቀት ሞክሩት፣ ጉልበቱ ከተመለሰ ችግራችሁ የአምስት ዶላር ነው።

ሞተር ሆም ደግሞ የመቆም በሽታ አለበት። በዓመት ሁለት ወር ይሄዳል፣ አሥር ወር ይተኛል። ግማሽ በሆነ ሰልባትዮ ውስጥ እርጥበት ጠል ሆኖ ይወርዳል፣ ውሃው ከሥር ይተኛል። በውሃውና በናፍጣው መካከል ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ፣ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ይሠራሉ። ፊልትሮ ስትቀይሩ ያ ጥቁር አጃ የመሰለ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። መግደያ መድኃኒት አለው፣ ግን ሬሳቸውም ፊልትሮ ይደፍናል፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ሁለት ሦስት ፊልትሮ በተከታታይ ያዙ። ከማቆማችሁ በፊት ሰልባትዮውን ሙሉት።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከዋናው ፖምፓ ወደ ሞተሩ ራስ በሚሄዱት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ላይ የሚያፈስ ቦታን ሞተሩ እየሠራ በእጃችሁ አትዳስሱ። እዚያ ያለው ግፊት ናፍጣን ቆዳ በስቶ ያስገባዋል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ይመስላል፣ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ቀዶ ሕክምና የሚያስሮጥ ነገር ነው። ካርቶን አስጠጉና እርጥበቱን እዩ።

ማሻሻሉ

ከተጠገነ በኋላ ወደ ማሻሻሉ ገባሁ። መጀመሪያ ቱቦው። ከነበረው ሦስት ስምንተኛ ኢንች ወደ ግማሽ ኢንች፣ ለዛሬው ናፍጣ የተሠራ ዓይነት። ጎማ በርካሽ አትግዙ፤ ምላሷን አሳይቻችኋለሁ።

ሁለተኛ፣ የፖምፓዋ ቦታ። አዲስ፣ ጠንከር ያለ ፖምፓ ሰልባትዮው አጠገብ፣ ሻንሲው ላይ ገጠምኩ። አሁን አንድ ሜትር ትስብና ዘጠኝ ሜትር ትገፋለች። ፖምፓ በተፈጥሮው ገፊ ነው፣ በመሳብ ይቸገራል። ሌላም ጥቅም አለው፦ በሚገፋበት መስመር ላይ ቀዳዳ ካለ ናፍጣ ይንጠባጠባል፣ ታዩታላችሁ። መሬት ላይ ጠብታ ማየት የሚያስደስተኝ በዚህ ብቻ ነው። ኤሌክትሪኩን ግን ከኋላ ሞተሩ ላይ ካለችው ከአሮጌዋ ፖምፓ ቀጭን ሽቦ አትስቡላት። ያቺን ሽቦ ለሪሌው (በትንሽ ምልክት ትልቁን ጉልበት ለሚከፍተው ማብሪያ) ምልክት ብቻ ተጠቀሙባት፤ ዋናው ጉልበት ከባትሪው በወፍራም ሽቦ፣ በፊውዝ ይምጣ። በዚያ ርቀት ላይ በቀጭን ሽቦ 12 ቮልቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ሞተሩ ሲጠፋ እሷም የምትጠፋ መሆኗን አረጋግጡ፣ አለዚያ በአደጋ ጊዜ እሳት ላይ ናፍጣ ትረጫለች።

ሦስተኛ፣ ፊልትሮ። ከፖምፓዋ በፊት ሻካራው፣ 30 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ)፣ ከሥሩ ግልጽ ብርጭቆ ያለውና ውሃ የሚለየው። ከፖምፓዋ በኋላ ደቃቁ፣ 10 ወይም ከዚያ በታች። ሰው ብዙ ጊዜ ይገለብጠውና ደቃቁን ከፊት ያስቀምጣል፣ "ይበልጥ ንጹሕ ይሁን" ብሎ። ያኔ ፖምፓዋን እንደገና በጠባብ ስትሮ ማስጠጣት ነው። የብርጭቆውን ሥር በየጉዞው ጠዋት ዝቅ ብዬ አያለሁ፤ ውሃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል፣ ቡሎኗን ላላ አድርጎ ማፍሰስ ነው።

አራተኛው መለኪያውን ወደ ሾፌሩ ማምጣት ነው። ናፍጣ የሚያደርስ ቱቦ ግን ሰው ወደሚቀመጥበት አታስገቡ። ሞተሩ ላይ በኤሌክትሪክ የሚልክ ሴንሰር፣ ከፊት መለኪያው። ከጎኑ ግፊቱ ከ6 በታች ሲወርድ የምትበራ ቀይ መብራት ጨመርኩ። ሳይቃጠል በቅጠል።

ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ተጨማሪ ጉልበት የሚሰጡ ሳጥኖች ይገጥማል። እኔ አልገጠምኩም። የ25 ዓመት አልጋና ምድጃ ተሸክሞ የሚሄድ መኪና ላይ ጉልበት ስትጨምሩ ሙቀትም ትጨምራላችሁ፣ ራዲያተሩ ደግሞ ያው አሮጌው ነው።

ባለፈው በጋ እንደገና ወጣን። ሜዳው ላይ ግፊቱ 14። አይዳሆ ስፕሪንግስ የምትባለውን ከተማ ስናልፍ 12። ዳገቱ ሲጠነክር ባለቤቴ መንገዱን ትታ መለኪያውን ማንበብ ጀመረች፦ "አሥራ አንድ... አሥራ አንድ... አሥር ተኩል..." ዋሻው መግቢያ ላይ 10 ነበር፣ ፍጥነታችንም 40 ማይል። ከዋሻው ስንወጣ ቁልቁለቱ መጣ፤ እሱ ደግሞ የፍሬን ጉዳይ ስለሆነ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።